የበሩ አምፖል ያስቀረው ቅላት

የግቢያችንን ቁጥቋጦዎች የአበባ ጊዜ በደብተር መመዝገብ ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሞላኝ። ያለሁት ሐዋሳ ነው፣ ከታቦር ተራራ ብዙም ሳልርቅ። መጀመሪያ የያዝኩት የፈረንጅ አገር ሰሌዳ ነበር፤ በዚህ ወር ከርክም፣ በዚያኛው ከውርጭ ሸፍን ይላል። የምን ውርጭ? የኛን ግቢ የሚያዘው ውሃ ነው፤ ኋላ እንደገባኝ ደግሞ ጨለማ።

ካናደደኝ ልጀምር። በራችን አጠገብ ከቁመቴ ያለፈ ፖይንሴቲያ አለ። በ2016 ታኅሣሥ የሰፈሩ ፖይንሴቲያ ሁሉ ሲቀላ የኛው አረንጓዴ እንደሆነ ቀረ። ፍግ ጨመርኩ፣ ኮተኮትኩ፤ ወይ ፍንክች። ጎረቤታችን እትዬ ሲያልፉ አይተውት «ይሄ ወንድ ነው ልጄ፣ አያብብም፤ ቁረጠውና ሌላ ትከል» አሉኝ። እውነት ለመናገር ልቆርጠው ነበር። መጋዝ ይዤ ስጠጋ ግን በበሩ ቋሚ በኩል ያለች አንዲት ቅርንጫፍ ጫፏ ቀልቶ አየሁ። አንዲት ብቻ። ማታ ወጥቼ ሳይ ነገሩ ተገለጠልኝ፤ አምፖሉ ተክሉን በሙሉ ያበራዋል፣ እሷ ላይ ግን የቋሚው ጥላ ያርፍባታል።

ፖይንሴቲያ የሜክሲኮ ተክል ነው። ወደ አበባ የሚዞረው ሌሊቱ ሲረዝምና ጨለማው ሳይቆራረጥ ሲያድር ነው። እኛ ዘንድ በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም፤ እሱ ግን ያችን ትንሽ ለውጥ ያውቃታል። አምፖል ካደረበት ሌሊቱ አጭር ይመስለዋል፣ ቅጠል ማውጣቱን ይቀጥላል።

በ2017 ከመስከረም 25 ጀምሮ አምፖሉን አጠፋሁ። እማዬ «ለአበባ ብለህ ሌባ ልትጠራብን ነው?» ብላ ሁለት ቀን አኮረፈችኝ። ኅዳር 10 የላይኞቹ ቅጠሎች ሥር ሥራቸው ቀላ፤ ለታኅሣሥ ገብርኤል ሙሉ በሙሉ ቀልቶ ነበር። ቀረብ ብላችሁ እዩት። ቀዩ ቅጠል እንጂ አበባ አይደለም። አበባው መሃል ላይ ያሉት ቢጫ ፍሬ መሳዮች ናቸው፤ ጎናቸው ላይ ከንፈር የመሰለች ትንሽ ጽዋ አለች፣ ውስጧ የሚጣፍጥ ጠብታ። የኛዋ ላይ ጉንዳን ተሰልፎባት ነበር። የምከረክመው ቅላቱ ካለፈ በኋላ መጋቢት ላይ ነው፤ ከነሐሴ መጨረሻ ወዲህ መቀስ አላስነካም፣ የሚያብበው ጫፉ ላይ ነዋ።

ቡገንቪላው ላይ ያጠፋሁት ደግሞ ከደግነት ነው። ከጎመኑ ጋር በየማታው አጠጣው ነበር፣ ዩሪያም በላዩ ጣል አደረግሁበት። እሾሃም ቀንበጡ ጣሪያ ደረሰ፣ አበባ ግን የለም። ኅዳር ላይ ውሃውን ከለከልኩት፤ ቅጠሉ ጠውለግ ሲል ብቻ ትንሽ እሰጠዋለሁ። ጥር ላይ ግንቡ አልታይ አለ። የሱም ሐምራዊው ነገር ቅጠል ነው፤ ሦስት ሦስት ሆነው በከበቧቸው መካከል ያሉት ቀጫጭን ነጭ ቱቦዎች ናቸው አበባዎቹ። የበልጉ ዝናብ ሲገባ ወደ ቅጠሉ ተመለሰ። ተውኩት።

ሂቢስከስ ዓመቱን ሙሉ ስለሚያብብ ደብተሬ ላይ ብዙ ቦታ አልያዘም። አንዷ አበባ ጠዋት ተከፍታ አብዛኛውን ጊዜ በማግስቱ ተጠቅልላ ትወድቃለች፤ የካቲት ላይ ውሃ ስረሳ እንቡጡ ሳይፈታ ረገፈ። ጽጌረዳዋን ጥቅምት 5 ከርክሜ በ48ኛው ቀን የመጀመሪያዋ ተከፈተች። ለበዓል የምትፈልጉ ሰባት ሳምንት ወደ ኋላ ቆጥራችሁ ከርክሙ። የወፍ ቆሎም አለኝ፣ ቢጫው እያደር ወደ ቀይ ሲዞር ደስ ይላል፤ ግን ከብት ይመርዛል፣ ወፍም ዘሩን ይበትነዋል፤ ስለዚህ ፍሬው ሳይጠቁር እቆርጠዋለሁ።

ዘንድሮ መጋቢት ላይ ከፖይንሴቲያው አራት ቁራጭ ወስጄ ነጭ ወተቱ እስኪደርቅ አንድ ቀን አሳድሬ ተከልኩ። ወተቱ ቆዳ ያሳክካል፣ ዓይናችሁን እንዳትነኩ። ሦስቱ ጸድቀዋል። የተከልኳቸው ከቤቱ ጀርባ፣ የማንም መብራት በማይደርስበት ነው። የበሩ አምፖልም ለእማዬ ሲባል እንደ ድሮው ይበራል።