ጉሮሮው ለምን ጠቆረብኝ?

ሃሚንግበርድ የሚባለውን ደቃቃ ወፍ ፎቶ ማንሳት የሚከብደው ስለሚፈጥን ነው ይላሉ። እኔን ግን ወር ሙሉ ያንገበገበኝ ፍጥነቱ ሳይሆን ጉሮሮው ነው።

ቀላል ቀላሉን ልጨርስ። የምንኖረው ምሥራቅ አሜሪካ ስለሆነ ሰመር ላይ ግቢያችን የሚመጣው ባለ ቀይ ጉሮሮው ነው፤ 3 ግራም ገደማ የሚመዝን ጉድ። ለምግቡ አንድ ስኒ ስኳር በአራት ስኒ ውሃ በጥብጦ፣ ባለ ቀዳዳ መመገቢያ ዕቃ ውስጥ አድርጎ መስቀል ነው። የሚሸጠውን ቀይ ዱቄት አትግዙ፣ አያስፈልግም። ሲሞቅ በየሁለት ቀኑ መመገቢያውን አጥቦ መቀየር ግድ ነው። ከአራቱ ቀዳዳ ሦስቱን በፕላስተር ዘጋሁ፤ የት እንደሚቆም አስቀድሜ እንዳውቅ። ሻተር (የካሜራው የመክፈቻና የመዝጊያ ፍጥነት) 1/3200 ሰከንድ፣ አይኤስኦ (ለብርሃን ያለው ትብነት) 1600። አለቀ።

ያለ ፍላሽ አይሞከርም የሚሉ አሉ። ክንፉ በሰከንድ 50 ጊዜ ያህል ስለሚመታ በፀሐይ ብቻ ቀጥ አድርጎ ማስቀረት ይከብዳል፤ እውነታቸውን ነው። ግን ማን ቀጥ ይበል አለ? ጫፉ ብዥ ያለ ክንፍ የሚበር ወፍ ይመስላል። ቀጥ ያለው የሙዚየም ነው የሚመስለኝ።

አሁን ወደ ጉዴ። የፎቶ መምህራን ሁሉ «የማታ ፀሐይ፣ ወርቃማው ብርሃን» ይላሉ። እኔም አመንኩና መመገቢያውን ከበረንዳው በስተ ምዕራብ ሰቀልኩ። ወደ ማታ ፀሐይዋ ከወፉ ጀርባ ትሆናለች። ክንፉ ያበራል፣ ባክግራውንዱ ልብ ይሰርቃል። ጉሮሮው ግን ጥላሸት! ጠዋት በኩሽና መስኮት በዓይኔ ሳየው ፍም የሚመስለው ወፍ ፎቶው ላይ የከሰል ነጋዴ ሆኖ ይመጣል።

ብርሃን ጨመርኩ። ክንፉ ነጣ፣ ጉሮሮው እዚያው። ሌንሱን ጠረጠርኩ፤ ከጓደኛዬ ተዋስኩ፤ ያው ነው። በመጨረሻ ካሜራዬን ጥገና ቤት ወሰድኩት። ሰውየው ያሳየሁትን ፎቶ ቀና ብሎ እንኳ አላየም። «ሴንሰሩ (ብርሃን የሚቀበለው የካሜራው ክፍል) መጽዳት አለበት» ብሎ ተቀበለኝ። ሁለት ሳምንት አስቀመጠው፣ ሂሳቡንም አልማረኝም። ካሜራው ንጹሕ ሆኖ መጣ። ጉሮሮው አሁንም ጥቁር። አንድ ጊዜ ፎቶውን ቢያይ ኖሮ! ግን እኔስ? ፀሐይ የት እንዳለች ለማወቅ ጥገና ቤት ይኬዳል?

የፈረንጆቹ ሐምሌ ሊያልቅ ሲል፣ አንድ ጠዋት መመገቢያውን አጥቤ ይዤ ስወጣ ወፉ ፊቴ ላይ መጥቶ ቆመ። ፀሐይዋ ጀርባዬ ላይ ነበረች። ጭንቅላቱን አዞረ፤ ቀይ። እንደገና አዞረ፤ ጥቁር። ቀይ፣ ጥቁር፣ ቀይ፤ ማብሪያ ማጥፊያ የሚነካ ልጅ ያለ ይመስል። በኋላ ሳነብ ነው የገባኝ። ቀይነቱ እንደ ቀለም የተቀባ አይደለም፤ የላባው ረቂቅ አሠራር ብርሃኑን ወደ አንድ አቅጣጫ ሲመልሰው የሚታይ ነው። ያ ብርሃን ወደ እናንተ ካልመጣ፣ የፈለገ ካሜራ ይኑራችሁ፣ ጥቁር ነው።

ስለዚህ ወርቃማውን ብርሃን ለሰው ፎቶ ተዉት። የጠዋት ፀሐይ የሚያገኘው በኩል ስቀሉ፤ ጀርባችሁን ለፀሐይ ሰጥታችሁ ሦስት ሜትር ያህል ራቅ በሉ። አጠገቡ ደረቅ እንጨት አቁሙ። ወንዱ መመገቢያውን የግሉ ስለሚያደርገው እንጨቱ ላይ ሆኖ ሲጠብቅ፣ ሲገላመጥ ይውላል። ዝም ብላችሁ በተከታታይ አንሱ። ከሃያው ፎቶ በአንዱ ጉሮሮው ያበራል።

መመገቢያውን ወደ ምሥራቅ አዞርኩ። ሁለት ጠዋት ሠራሁ። በሦስተኛው ወንዱ አልመጣም። ለካ ወንዶቹ ከሴቶቹ ቀድመው ነው ወደ ሜክሲኮና መካከለኛው አሜሪካ የሚያቀኑት። ከዚያ በኋላ የመጡት ሁሉ ነጭ ጉሮሮ ያላቸው ሴቶችና ጫጩቶች ናቸው።

የተረፈችኝን አንዲት ቀይ ፎቶ ባለቤቴ አሳጥባ ሳሎን ሰቀለቻት። እንግዳ ሁሉ ያደንቃታል። እኔ ግን ባየኋት ቁጥር የሚታየኝ መንቆሩ ላይ ያረፈው የእንጨቱ ጥላ ነው።