ጥሎ ማለፍ ዋንጫ አይደለም እንዴ?

ዛሬ ፒያሳ ፀጉሬን ልቆረጥ ገብቼ ከአንድ ጎረምሳ ጋር በእግር ኳስ ተጨቃጭቄ ወጣሁ። ክርክሩ ሲነሳ ግማሽ ጭንቅላቴ ተቆርጧል፣ ግማሹ ወረፋ ይጠብቃል። "ፋሲል ከነማ ያለው ትልቅ ዋንጫ የ2013ቱ ሊግ ብቻ ነው" ይለኛል። ኧረ ባክህ! የ2011ዱስ? "እሱማ ጥሎ ማለፍ ነው" ብሎ ስልኩን መነካካት ጀመረ።

ያችን ዓመት እንዴት ልርሳት? ሊጉን መቐለ 70 እንደርታ ሲወስደው ሰፈራችን ለቅሶ ቤት መስሎ ነበር። ከዚያ አፄዎቹ (ፋሲሎች ማለቴ ነው) በጥሎ ማለፉ ፍጻሜ ሀዋሳ ከተማን ረትተው የኢትዮጵያ ዋንጫን ይዘው መጡ። ያውም በር ከፋች ዋንጫ ነው፤ የአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ካፕ አስገብቶን የታንዛኒያውን አዛምን ባሕር ዳር ላይ 1 ለ 0 አሸነፍን፣ ዳሬሰላም ላይ ግን 3 ለ 1 ተሸንፈን ቀረን (አሁንም ያንገበግበኛል)። ወላይታ ድቻስ በ2010 የግብፁን ዛማሌክን የሚያህል ቡድን ያሰናበተው በየትኛው በር ገብቶ ነው? በዚሁ በጥሎ ማለፍ!

ሊግ ላይ ዛሬ ብትሸነፍ ሳምንት አለልህ። እዚህ ግን አንድ ቀን ከከፋብህ በቃ፣ ሻንጣህን ሸክፍ።

ፀጉር አስተካካዩ ማሽኑን አጥፍቶ "ልክ ነህ ወንድሜ" አለና እሱም የራሱን ትዝታ ጀመረ። በወሬ መሀል ነው መሰለኝ የቀኙ ጎኔ ከግራው አጥሯል። ቆብ ያለው ያውሰኝ።