13 ለ 10፣ ለሦስተኛ ጊዜ

አርብ ማታ ነው፣ ኅዳር 2023 (እዚህ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው)። ከሊንከን ወደ ኦማሃ ከተመለስን ቆይተናል። ልጄ ቀይ ሹራቡን ሳያወልቅ ተኝቷል። እኔን ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። የነብራስካ ዩኒቨርሲቲ የፉትቦል ቡድን ዛሬም በገዛ ሜዳው በአይዋ ዩኒቨርሲቲ ተሸነፈ። 13 ለ 10። ሰዓቱ ሲያልቅ፣ በአንዲት ምት።

የተናደድኩት በዛሬው ብቻ ቢሆን ሻይ ጠጥቼ እተኛ ነበር። ግን በነሐሴ መጨረሻ በሚኒሶታ የተሸነፍነውም 13 ለ 10 ነው። ከሁለት ሳምንት በፊት በሜሪላንድ የተሸነፍነውም 13 ለ 10 ነው። ሦስቱም ጨዋታ ያለቀው ተጋጣሚው በመጨረሻዋ ሰከንድ በመታው ፊልድ ጎል ነው፣ ሦስት ነጥብ በምታመጣ የእግር ምት። ሦስቱም ላይ፣ ከዚያች ምት በፊት፣ ኳሱን በገዛ እጃችን አስረክበናል። በአንድ የውድድር ዘመን ሦስት ጊዜ አንድ ዓይነት ሞት።

ፉትቦል ስል የአሜሪካኖቹን ማለቴ ነው፣ ያንን በእጅ የሚያዘውን። የኮሌጁን ደግሞ፣ ተማሪዎች የሚጫወቱትን። ነብራስካ ውስጥ ሌላ የለም። ግዛቱ የራሱ የፕሮፌሽናል ቡድን የለውም፣ የሕዝቡ ቁጥር ሁለት ሚሊዮን ገደማ ነው፣ ያለው ሁሉ ልቡን የሰጠው ለዚህ ዩኒቨርሲቲ ነው። ከ1962 ጀምሮ ትኬት ያልተሸጠበት ወንበር የለም ይባላል። ጨዋታ ባለበት ቅዳሜ ስታዲየሙ ውስጥ 85 ሺህ ምናምን ሰው ይገባል፤ ያን ቀን ከኦማሃና ከሊንከን ቀጥሎ የግዛቱ ሦስተኛ ትልቅ ከተማ ስታዲየሙ ራሱ ነው። በዚህ ዓመት ነሐሴ ላይ እንኳን ለሴቶቹ ቮሊቦል 92,003 ሰው ገብቶ አይቷል። እንዲህ ያለ ደጋፊ ነው። በሮቹ ላይ የኮሌጅ ፉትቦል ታላላቅ ደጋፊዎች የሚያልፉት በዚህ ነው የሚል ጽሑፍ አለ። እኔም በዚያ በር ስገባ ሁልጊዜ ደረቴን ነፋ ያደርገኛል።

ዛሬ የሆነውን ልጻፈው፣ ካልጻፍኩት አይወጣልኝም።

10 እኩል ነበርን። ተከላካዮቻችን ቀኑን ሙሉ አንጀት የሚያርስ ሥራ ሠርተዋል። የአይዋን መቺ ሁለት ጊዜ ምቱን አግደውበት አሰልጣኙ እስኪቀይረው ድረስ። መጨረሻ ላይ የቀሩት ሰከንዶች ብቻ ናቸው፣ ኳሱም በእኛ እጅ ነው። ወደ ተጨማሪ ሰዓት ለመሄድ ኳሱን ይዞ መንበርከክ ይበቃ ነበር። ኳርተርባካችን፣ ኳስ ወርዋሪው ልጅ፣ ወረወረ። ከፊቴ የተቀመጡት ሴትዮ ኳሱ ገና አየር ላይ እያለ "ኖ፣ ኖ" ሲሉ ሰማሁ። የሱፍ ጓንታቸውን ሁለቱንም አፋቸው ላይ ጭነው ነበር። ኳሱን የያዘው የአይዋ ልጅ ነው።

ያ ሁሉ ሕዝብ ዝም ሲል እንዴት እንደሚያስፈራ የሰማ ያውቀዋል። ከጥግ ያሉት ጥቂት ቢጫና ጥቁር የለበሱ ሰዎች ሲጮሁ አንድ በአንድ ይሰማል። አይዋ በአንድ ሩጫ ተጠጋ። ተጠባባቂው መቺ፣ በእኛ ልጆች ምክንያት የገባው ያው ልጅ፣ ከ38 ያርድ መታ። ገባ። ልጄ ፊቴን አየ፣ ከዚያ አለቀሰ። ዘጠኝ ዓመቱ ነው።

አምስት አሸንፈን ሦስት ተሸንፈን ነበር እኮ! ከጥቅምት መጨረሻ ጀምሮ የሚያስፈልገን አንድ ድል ብቻ ነበር። ስድስት ድል ያለው ቡድን የዓመቱ መጨረሻ ጨዋታ፣ ቦውል የሚሉት፣ ይደርሰዋል። ነብራስካ ከ2016 በኋላ እስከ ዘንድሮ፣ እስከ 2023 ድረስ፣ አልደረሰበትም። አራት ዕድል ነበረን። ሚቺጋን ስቴት 20 ለ 17። ሜሪላንድ 13 ለ 10። ዊስኮንሲን በተጨማሪ ሰዓት 24 ለ 17። የዛሬው። አራቱም አመለጡ። በሜሪላንዱ አምስት ጊዜ ኳስ አስረክበናል፣ አምስት! የመጨረሻውን ደግሞ እኩል ሆነን፣ ጎላቸው ደጃፍ ደርሰን፣ እዚያው ኤንድ ዞን ውስጥ፣ ነጥብ በሚቆጠርበት የሜዳው ጫፍ፣ ወርውረን ሰጠናቸው። እነሱም ሜዳውን ሙሉ ተጉዘው መጥተው መቱብን።

እናቴ ሲወጣ የመታው ድንጋይ ሲገባ ከደገመው ድንጋዩ እሱ ራሱ ነው ትል ነበር። ሰሞኑን ከአእምሮዬ አልወጣ ብሎኛል።

ይሄ የዘንድሮ ብቻ ጉዳይ አይደለማ። 2021ን ያየ ሰው ያውቃል። ያን ዓመት ሦስት አሸንፈን ዘጠኝ ተሸነፍን፣ ዘጠኙም በዘጠኝ ነጥብና ከዚያ በታች። አንድም ጊዜ የተደቆስንበት ሽንፈት የለም። ሁሉም ጋ እዚያው ነበርን። ከሁሉ የማይረሳኝ የሚቺጋን ስቴቱ ነው። 20 ለ 13 እየመራን ነው፣ ከአራት ደቂቃ ያነሰ ቀርቷል፣ እነሱ ከእረፍት በኋላ አንድ ርምጃ መሄድ አቅቷቸዋል። ኳሱን ወደ ሩቅ መትተን ለተከላካዮቻችን መስጠት ብቻ ነው ሥራው። ሁሉም ልጆቻችን ወደ አንድ ጎን ሮጡ። መቺው ወደ ሌላው ጎን መታው። ኳሱን የተቀበለው ልጅ ፊቱ ላይ ማንም የለም፣ 62 ያርድ ሮጦ አስቆጠረ። እኔ ያን ቀን ሥራ ላይ ነበርኩ፣ መጋዘኑ ውስጥ ሬዲዮ ከፍተን እየሰማን። አስተላላፊው ድምፁ ሲቀየር ገና ሳይናገር ገባኝ። በተጨማሪ ሰዓት 23 ለ 20 ተሸነፍን።

በዚያው ዓመት መጨረሻ ከአይዋ ጋር 21 ለ 6 እየመራን ነበር። የመታነውን ኳስ አገዱት፣ አንስተው ሮጠው አስቆጠሩ። 28 ለ 21። በቀጣዩ ዓመት ደብሊን ድረስ ሄደን ከኖርዝዌስተርን ጋር ስንጫወት 28 ለ 17 እየመራን፣ ማንም ሳይጠይቀን፣ አጭር ምት መትተን ኳሱን ለራሳችን ለማስቀረት ሞከርን። እነሱ ያዙት። 31 ለ 28። አሰልጣኙ ስኮት ፍሮስት ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየም፤ በሁለት ሳምንቱ፣ በጆርጂያ ሳውዘርን 45 ለ 42 በተሸነፍን ማግስት ተሰናበተ። እሱ ደግሞ በ1997 ዋንጫ ያነሳው ቡድን ኳርተርባክ ነበር። የቤቱ ልጅ ነው። እሱ ሲሄድ ሰው እንደ ሐዘን ነው የተቀመጠው።

እና ከእነዚህ ሁሉ በኋላ የምንሰማው አንድ ቃል ነው። "ለጥቂት።" ለጥቂት አመለጠን። ለጥቂት ነው እንጂ ጥሩ ተጫውተናል። ይሄን ቃል መስማት አልችልም አሁን። ዘጠኝ ጊዜ ለጥቂት ከሆነ ጥቂት አይደለም። የሚለማመዱት ነገር ነው፣ ወይም የማይለማመዱት። ኳሱ ወዴት እንደሚመታና ልጆቹ ወዴት እንደሚሮጡ መስማማት ዕድል አይፈልግም። ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል አደጋ ያለው ኳስ አለመወርወር ዕድል አይፈልግም። ይሄ ማክሰኞና ረቡዕ፣ ማንም ሳያይ፣ ልምምድ ላይ የሚያልቅ ሥራ ነው። ለምን አይታረምም? ለምን አሰልጣኝ ተቀይሮ፣ ተጫዋች ተቀይሮ፣ ኳሱን መጣል ብቻ አይቀየርም?

ፉትቦል ያስተማሩኝ አንድ ሽማግሌ አሉ፣ የሥራ ባልደረባዬ የነበሩ፣ አሁን ጡረታ ወጥተዋል። መጀመሪያ ስመጣ ከ12 ዓመት በፊት እንግሊዝኛዬ እየተንገዳገደ፣ በምሳ ሰዓት ናፕኪን ላይ በእስክሪብቶ ሜዳውን እየሳሉ ያስረዱኝ ነበር። አራት ሙከራ፣ አሥር ያርድ። ነብራስካን ታውቀዋለህ ይሉኝ ነበር፣ እንደ ሀገርህ በቆሎ ይበቅልበታል፣ ሰዉ ሠርቶ ይበላል። እሳቸው የ1984ቱን ኦሬንጅ ቦውል ሲያወሩ አሁንም ድምፃቸው ይቀንሳል። ነብራስካ ዓመቱን ሙሉ ሳይሸነፍ ማያሚ ሄዶ፣ ከአንድ ደቂቃ ያነሰ ሲቀር አስቆጥሮ የማያሚን ቡድን 31 በ30 ተጠጋ። አንዷን ነጥብ በእግር መትቶ እኩል ቢወጣ ዋንጫው የእሱ በሆነ ነበር። አሰልጣኙ ቶም ኦዝቦርን ግን ለማሸነፍ ሁለቱን ሞከረ። ኳሱ በጣት ጫፍ ተነክቶ ወደቀ። ሽማግሌው ያን ሌሊት አልቅሰዋል። "ግን አፍሬ አላውቅም፣ ያን ቀን ተወሰደብን እንጂ አልሰጠንም" ይሉኛል።

የሚያቃጥለኝ ይሄ ነው። መሸነፍ አለ፣ ማስረከብ አለ። በኦሃዮ ስቴት ብንሸነፍ እሺ፣ የተሻሉ ናቸው። የዛሬው አይዋ ግን ማጥቃት የማይሆንለት ቡድን ነው፣ ደጋፊው ራሱ ያውቀዋል። የሚያሸንፈው የሌላውን ስህተት ጠብቆ ነው። እኛ ደግሞ በየዓመቱ ስህተቱን አዘጋጅተን እንጠብቀዋለን።

የሀገሬም ነገር ትዝ አለኝ፣ መቼም ደጋፊ መሆን እዚያም እዚህም አንድ ነው። 2013 ላይ በዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ዋልያዎቹ ቦትስዋናን 2 ለ 1 አሸንፈው፣ ሁለት ቢጫ ካርድ ያለበት ተጫዋች ስለተሰለፈ ብቻ ሦስቱ ነጥብ ተወሰደ። ሜዳ ላይ የተገኘ፣ ወረቀት ላይ የጠፋ። ደግነቱ ደቡብ አፍሪካን አሸንፈን ነበርና አለፍን፣ በናይጄሪያ እስክንቀር ድረስ። እኔ ያኔ ኦማሃ ነበርኩ፣ ዜናውን ስሰማ ምሳዬን ሳልበላ ቀረሁ። የማይረሳኝ ሽንፈቱ አይደለም። አንድ ሰው ወረቀቱን አንዴ ቢያየው ኖሮ የሚለው ነው።

አንድ ነገር ግን ልናገር። ልጁን አልሳደብም። ኳርተርባኩን። ዛሬ ከስታዲየም ስንወጣ ደረጃው ላይ ሰዎች ስሙን እየጠሩ ሲያወርዱበት ሰማሁና ልጄን ጎትቼ አለፍኩ። ተማሪ ነው። በዓመቱ መጀመሪያ ላይ ሦስተኛ ተጠባባቂ ነበር፣ ከፊቱ የነበሩት ሲጎዱና ሲቀየሩ ደረሰው። ዛሬ የተሻለ የተጫወተም እሱ ነው፣ ረጅሙን ጎላችንን የወረወረው እሱ ነው። በዚያች ሰከንድ ምን ማድረግ እንዳለበት ደጋግሞ የሚነግረው ሰው መኖር ነበረበት። ጥያቄዬ ለእሱ አይደለም፣ ለትልልቆቹ ነው።

አዲሱ አሰልጣኝ ማት ሩል ላይ ተስፋ አለኝ፣ አልዋሽም። የመጀመሪያ ዓመቱ ነው። ቴምፕል ዩኒቨርሲቲ ሲገባ በመጀመሪያው ዓመት ሁለት አሸንፎ አሥር ተሸንፏል፣ በሦስተኛው አሥር አሸነፈ። ቤይለር ዩኒቨርሲቲ ደግሞ አንድ አሸንፎ አሥራ አንድ ተሸንፎ ነው የጀመረው፣ በሦስተኛው ዓመት 11 ድል አመጣ። መገንባት ያውቃል። ተከላካዩ ዘንድሮ የተለወጠ ቡድን ነው፣ ማንም አይክድም። ግን ኳሱን መያዝ እስከ ሦስተኛ ዓመት የሚጠበቅ ነገር አይመስለኝም። እሱ የመጀመሪያው ቀን ትምህርት ነው።

ጨዋታው ካለቀ በኋላ ሕዝቡ ቶሎ አልወጣም። እዚህ የቆየ ወግ አለ፣ እንግዳው ቡድን ወደ ልብስ መቀየሪያው ሲገባ ይጨበጨብለታል፣ ቢያሸንፍም። ያቺ ጓንት አፋቸው ላይ የነበሩ ሴትዮ ተነስተው አጨበጨቡ፣ በሱፍ ጓንት ስለሆነ ድምፅ የለውም። ልጄን ሲያዩት አየኋቸው፣ ከቦርሳቸው ማስቲካ አውጥተው ሰጡት። እኔም አጨበጨብኩ። ከበደኝ ግን አጨበጨብኩ።

ወደ ኦማሃ ስንመለስ መንገዱ በሙሉ የመኪና የኋላ መብራት ነበር፣ ማንም ማንንም አይቀድምም። ሽማግሌው ደወሉ። ሁለታችንም ለትንሽ ጊዜ ምንም አላልንም። ከዚያ "ልጁ እንዴት ነው?" አሉኝ። አልቅሷል አልኳቸው። "ነገ ይዘኸው ና፣ የ1984ቱን እነግረዋለሁ" አሉ።

አሁን ይሄን እየጻፍኩ ልጄ ውሃ ሊጠጣ ተነስቶ መጣ። ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይዞ ቆመ።

"አባዬ፣ ቀጣዩ መቼ ነው?"

"ነሐሴ ላይ።"

"ስንት ወር ይቀራል?"

"ዘጠኝ።"

በጣቱ ቆጠረ። ብዙ ነው አለኝና ወደ አልጋው ተመለሰ።