የትንሣኤ ሰላምታ ከባሕር ዳር

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም አደረሳችሁ። ጾሙን ጨርሳችሁ፣ በሰሙነ ሕማማት ሰግዳችሁ፣ ሌሊቱን በቤተ ክርስቲያን አሳልፋችሁ ዛሬ ቄጠማ በተጎዘጎዘበት ቤት ለተቀመጣችሁ ሁሉ መልካም በዓል ይሁንላችሁ። በዓሉ የእምነታችሁ ባይሆንም ጎረቤት ጠርቷችሁ ድፎ ዳቦ የምትቆርሱ ወዳጆቼም እንዲሁ። በዓረብ አገር፣ በአውሮፓ ወይም በአሜሪካ ሆናችሁ ቀኑን በሥራ ላይ የምታሳልፉትን ደግሞ ለይቼ አስባችኋለሁ። የጣና ዳር ፎቶግራፍ በለጠፍኩ ቁጥር መጀመሪያ የምትጽፉልኝ እናንተ ናችሁ።

ብዙ ጊዜ የምጽፍላችሁ ስለ መንገድ ነው፤ የትኛው አስፋልት እንደተቆፈረ፣ ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ የሚነሳው ነፋስ የት ጋ እንደሚገፋ፣ ሰንሰለት እንዴት እንደሚጸዳ። ዛሬ በዓል ነውና ምስጋና ይቅደም። ምስጋናዬ ለአንዲት ትንሽ የሰፈር ካፌ ነው። ስሟን አልጠራም፤ ባለቤቷ እንዲህ ያለውን ነገር አትወድም።

ቤቷ ዘንባባ ከተተከለበት ትልቁ ጎዳና ወደ ውስጥ ገባ ብላ፣ ከጎሚስታው ቀጥላ ያለችው ናት። ደጃፏ ላይ የማንጎ ዛፍ አለ፤ ከሥሩ ዱካዎችና አንድ ረጅም አግዳሚ ወንበር። ውስጥ የቡና ማሽን አለ፣ ጥግ ላይ ደግሞ ረከቦት። መብራት ሲጠፋ ማሽኑ ይቆማል፤ ጀበናው ከከሰሉ ላይ አይወርድም። ስለዚህ ከዚያ ቤት «ቡና የለም» ተብሎ የተመለሰ ሰው አላውቅም። ጠዋት ጠዋት ቆሎና ሻይ የሚያዝዙ የባጃጅ ሾፌሮች፣ ስፕሪስ የሚወዱ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ ጋዜጣ ይዘው የሚመጡ ጡረተኞች ሁሉ የየራሳቸው ቦታ አላቸው። የእኔ ቦታ ከግድግዳው አጠገብ ያለችው ዱካ ናት፤ ምክንያቱም ብስክሌቴ የሚደገፈው እዚያ ግድግዳ ላይ ነው።

እዚያ ደጃፍ መጀመሪያ የቆምኩት ቡና ፈልጌ አልነበረም። ጎማዬ ተንፍሶ ጎሚስታው ጋ ተራ ስጠብቅ ባለቤቷ ብቅ ብላ አየችኝና «ፀሐይ ላይ ምን ያቆምሻል? እሱን ግድግዳው ላይ አስደግፊና ግቢ» አለችኝ። ገባሁ። ላብ ያረሰው ልብስ፣ አቧራ የጠገበ ጫማ፣ በእጄ ሄልሜት። ውሃ አቀረበችልኝ፤ ባል እንዳለኝም፣ ቤተሰቦቼ ምን እንደሚሉም አልጠየቀችኝም። የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ዛሬ እስከ የት ደረስሽ?»

ይህ ጥያቄ ለእኔ ምን ያህል ትልቅ እንደሆነ ላስረዳችሁ። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ የተዘረጋች ሜዳ ከተማ ናት፤ ዳገት የሚፈልግ ብስክሌተኛ ወደ ቤዛዊት መውጣት አለበት። ስለዚህ እዚህ ብስክሌት የሁሉም ሰው ነው። ዩኒፎርም ለብሰው ወደ ትምህርት ቤት የሚነዱ ልጃገረዶችን ማየት የተለመደ ነው። ነገር ግን እነዚያው ልጆች አድገው፣ ሥራ ይዘው፣ ትዳር መሥርተው ስፈልጋቸው አብዛኞቹን ኮርቻ ላይ አላገኛቸውም። ብስክሌቱ ወደ ታናሽ ወንድም አልፏል። ስለዚህ ነገር ሲወራ ሁልጊዜ የሚነሳው የመንገዱ ሁኔታና የሾፌሮች ጠባይ ነው። ሁለቱም እውነት ናቸው። እኔ ግን ከሁሉ በላይ የጎደለን ማረፊያ ነው እላለሁ። ወንዱ ደክሞት በየደጃፉ ይቆማል፣ ውሃ ይጠጣል፣ ከተቀመጡት ጋር ይሳሳቃል፣ ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ሴቷ ግን ከቤት ወጥታ ቤት እስክትመለስ ድረስ መሃል ላይ አረፍ የምትልበት፣ «ምን ሆነሽ ነው?» ሳይሆን «እስከ የት ደረስሽ?» የምትባልበት ስፍራ የላትም። እንዲህ ሲሆን ጉዞዋ በየዓመቱ እያጠረ ይመጣና አንድ ቀን ይቀራል። እኔ ያልቀረሁት ጥንካሬዬ ከሌሎች በልጦ አይደለም፤ በመሃል አንድ ቤት ስለነበረኝ ነው።

ባለቤቷን «እትዬ» ነው የምንላት። ሙስሊም ናት። ዘንድሮ ዐቢይ ጾም የካቲት 9 ቀን ሲገባ ረመዳንም በዚያው ሳምንት ተከተለ። እነዚያ ሳምንታት በዚያች ቤት ውስጥ ምን ይመስሉ እንደነበር ብታዩ! እትዬ አፏን ሳትረጥብ ለሌላው ታፈላለች፤ እኔም እስከ ቀትር ስለምጾም አጠገቧ ባዶ እጄን ተቀምጬ አወራታለሁ። የወተት ማሽኑ ሥራ ፈትቶ፣ የኦቾሎኒ ሻይ ገበያው ደርቶ ሰነበተ። የጾሜ ሰዓት ሲደርስ በሶ ትበጠብጥልኛለች፤ ሲመሽ ለማፍጠሪያዋ ቴምር የሚያመጡላት እነዚያው ዐቢይ ጾም የሚጾሙት የባጃጅ ልጆች ናቸው። ዒድ ደርሶ እርሷ ጾሟን ስትፈታ እኛ ገና መንገድ ላይ ነበርን። ለበዓሏ ያዘጋጀችውን ጣፋጭ ስታድል ወተትና ቅቤ ያልገባበትን ለይታ በሌላ ሰሃን አስቀምጣልን ነበር። ትላንት ደግሞ ለዛሬ የሚሆን ቡና ቆልታ፣ በላስቲክ ቋጥራ «ለእናትሽ» ብላ ሰጠችኝ።

በጾም እንዴት እንደምነዳ ብዙዎቻችሁ ጠይቃችሁኝ ስለነበር በዚህ አጋጣሚ ልመልስ። ጎህ ሳይቀድ፣ ቀዝቃዛ እያለ እወጣለሁ፤ ዳገት አልፈልግም፣ ፍጥነትም አልፈልግም። ጾሙ ሲፈታ በሶ፣ የተቀቀለ ሽምብራ፣ ተልባ። አያቶቻችን ለረጅም የእግር መንገድ በሶ ጭብጦ የቋጠሩት አውቀው ነው፤ ከሱቅ ከሚገዛው የስፖርተኛ ምግብ የሚያንስበት ምክንያት አይታየኝም። ለዛሬ ደግሞ አንድ ምክር፦ ሌሊት ከቅዳሴ ስትመለሱ ሆዳችሁን በተልባ አለስልሱት፤ ከዶሮ ወጡም በኋላ ብስክሌቱን እስከ ነገ ተዉት።

በዚያ የማንጎ ጥላ ሥር ከሚቀመጡት ጡረተኞች አንዱን «ጋሼ» እላቸዋለሁ። ከኢጣሊያ በተገኘው የጦር ካሳ በተሠራው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ዕድሜያቸውን ያሳለፉ ናቸው። ፈረቃ ሲቀየር መንገዱ በሠራተኞች ብስክሌት ይሞላ እንደነበር ሲናገሩ ድምፃቸው ይለወጣል። ብስክሌቴን ግድግዳው ላይ ባስደገፍኩ ቁጥር ተነሥተው ፍሬኑን ጨበጥ ለቀቅ ያደርጉታል፣ ራጁን በጣታቸው መታ መታ ያደርጋሉ፣ ከዚያ «ደህና ነው ልጄ» ይላሉ። ለወጣቶቹ የሚነግሩትም አንድ ታሪክ አለ። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ የተሳተፈችው በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ነው፤ አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ከመሮጡ በፊት ማለት ነው። ያኔ ከሯጮቹ ጋር ብስክሌተኞችም ነበሩ። ገረመው ደንቦባ ከእነርሱ አንዱ ሲሆን ቡድኑ ዘጠነኛ ወጥቷል። ተማሪዎቹ ይህን ሲሰሙ ሁልጊዜ ይደነቃሉ፤ በብስክሌት የነበረን ታሪክ ከትምህርት ቤት መጽሐፍ ውስጥ ስለማይገኝ አልፈርድባቸውም።

ከዚያ ወዲህ ያለውን እኔ እጨምራለሁ። ጽጋቡ ግርማይ በ2008 ዓ.ም. በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። ሰላም አምሃ በቶኪዮ ኦሎምፒክ በሴቶች የጎዳና ውድድር አገራችንን ወክላ ተሰለፈች። ኢየሩ ገብሩ ደግሞ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ፓሪስ ላይ በስደተኞች የኦሎምፒክ ቡድን ማልያ ተወዳደረች። ይህን የመጨረሻውን ስነግራት እትዬ የያዘችውን ሲኒ አስቀምጣ «አላህ በሰላም ለአገሯ ያብቃት» አለች። አሜን ነው የምለው፣ ዛሬም።

መስከረም ላይ የዓለም የጎዳና ብስክሌት ሻምፒዮና በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ በአፍሪካ ምድር፣ በኪጋሊ ሲካሄድ ውድድሩን በዚያች ካፌ ውስጥ በስልክ ነበር የተከታተልነው። ስልኩን ከስኳር ዕቃው ጋር አስደግፈን ተሰበሰብን። ኔትወርኩ ይቆራረጣል፣ ምስሉ ይቆማል፣ ሲመለስ ተወዳዳሪዎቹ ሌላ ዳገት ላይ ናቸው። ሴቶቹ በድንጋይ የተነጠፈውን የኪጋሊን አቀበት ሲወጡ፣ ከመንገዱ ግራና ቀኝ የቆመውን ያንን ሁሉ የሩዋንዳ ሕዝብ ስናይ፣ ብስክሌት ነድተው የማያውቁት የባጃጅ ሾፌሮች ሳይቀሩ ተነሥተው ያጨበጭቡ ነበር። ከ23 ዓመት በታች ያሉ ሴቶች ለብቻቸው የተወዳደሩበትም የመጀመሪያው ሻምፒዮና ነው። አንዲት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ አጠገቤ ቆማ እስከ መጨረሻው ስታይ ከቆየች በኋላ «እዚህ የሚያሠለጥን ሰው አለ?» ብላ ጠየቀችኝ። አሁን ጠዋት ጠዋት አብራኝ ትነዳለች።

የምንነዳው ግን ከከተማ ሳንርቅ ነው። ወደ ጢስ ዓባይ የሚወስደው 30 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ከሁሉ የምወደው ነበር፤ ገበሬዎቹ በጠዋት በሬ እየነዱ ሲወጡ እያየሁ እሄድበት ነበር። አሁን አልሄድበትም። ምክንያቱን የክልላችን ሰው ሁሉ ስለሚያውቀው አላብራራም። እንግዲህ ያለን መንገድ ይህ ነው፦ ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ተነሥቶ በሐይቁ ዳር፣ ከዚያ በግንቦት 2016 ዓ.ም. ወደተመረቀው የዓባይ ድልድይ። ድልድዩ 380 ሜትር ይረዝማል፤ የብስክሌት መተላለፊያ ስላለው ከከባድ መኪና ጋር ሳንጋፋ እንሻገራለን። መሃሉ ላይ ቆም ብሎ ዓባይ ከጣና ሲወጣ ማየት ይቻላል። ከዚያ ተመልሰን ማንጎዋ ሥር። መንገዱ ሲያጥር በካፌዋ የምንቆይበት ሰዓት ረዘመ፤ በእነዚህ ከባድ ዓመታት ያጽናናኝም ይኸው ነው። ለዚህ በዓል ከልቤ የምመኘው ለሁላችንም ሰላም ነው፤ ሰው ሁሉ ያለ ሥጋት ከቤቱ ወጥቶ ያለ ሥጋት የሚመለስበት ሰላም።

ትላንት በቀዳም ሥዑር ከተማው ምን ይመስል ነበር መሰላችሁ! ግንባራቸው ላይ ቄጠማ ያሰሩ ሰዎች፣ ከብስክሌት መሪ ላይ የተንጠለጠሉ ዶሮዎች፣ ከኋላ ወንበር ላይ የታሰረ ሽንኩርትና የእንቁላል ትሪ። አንድ አባት ከፊት ልጁን፣ ከኋላ በግ ጭኖ በቀስታ ሲያልፍ ጎሚስታው ሥራውን አቁሞ መንገድ አስለቀቀለት።

ዛሬና ነገ ደግሞ የልጆች ነው። በበዓል የተሰጣቸውን ብር ይዘው ወደ ብስክሌት አከራዩ ይሮጣሉ፤ በየሰፈራችሁ የምታዩት ነው። እባካችሁ ልብ በሉ፦ ከሚከራዩት መካከል ሴቶቹ ስንት ናቸው? ለወንድ ልጃችሁ የምትሰጡትን የኪራይ ብር ለሴት ልጃችሁም ስጧት። ከኋላ ኮርቻውን ይዞ የሚሮጥላት ሰው ካጣች እናንተ ሩጡላት። ካፌ፣ ሱቅ ወይም ሻይ ቤት ያላችሁ ደግሞ ደጃፋችሁ ላይ ብስክሌት የሚደገፍበት አንድ ክንድ ግድግዳ ነጻ አድርጉ፣ ብስክሌተኛዋ ስትመጣም ውሃ ስጧት።

በባሕር ዳር ላላችሁ፣ የዳግም ትንሣኤ እሑድ፣ ሚያዝያ 11 ቀን፣ ከቅዳሴ በኋላ መንዳት መማር የምትፈልጉ ሴቶች ኑ። ቦታውን ለሚጠይቀኝ በግል እነግራለሁ። ዕድሜ አይጠየቅም። ጎሚስታው መንፊያውን ያውሰናል፤ ጋሼም ፍሬን ለማየት ቃል ገብተዋል። ብስክሌት ያላችሁ ለሌላዋም እንዲሆን ይዛችሁ ኑ፤ ጎማው መነፋቱን ከቤት ሳትወጡ እዩ። ነጠላ ለብሳችሁ ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ የምትመጡ ጫፉን ወገባችሁ ላይ አጥብቃችሁ እሰሩት፣ ሰንሰለት ውስጥ እንዳይገባ። ሻዩን እትዬ ታፈላለች፤ ጾም ስለተፈታ በወተትም ይሆናል።

መልካም የትንሣኤ በዓል!