የሻሚ አደን፣ ሁለተኛ ዓመት፦ ንፋሱ ነው ያስተማረኝ

ናሽናል ፓርክ ውስጥ አድናለሁ ስል አገር ቤት ያሉ ዘመዶቼ ዋልያ የገደልኩ ነው የሚመስላቸው። ኒውዚላንድ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፣ አገሪቱ ከሌሊት ወፍ በቀር የራሷ የሆነ የየብስ አጥቢ አልነበራትም፣ አጋዘኑንም (የኛን ባለጠመዝማዛ ቀንድ አይደለም፣ ቀንዱ በየዓመቱ የሚረግፈውን ማለቴ ነው) ሻሚውንም ሰው ነው ያመጣው። ሻሚ ሙሉ ስሙ ሻሙዋ ነው፣ ቀንዱ እንደ መንጠቆ የታጠፈ የአውሮፓ ተራራ እንስሳ፣ በ1907 የኦስትሪያው ንጉሠ ነገሥት ፍራንስ ዮሴፍ በስጦታ የላከው፣ አሁን የተራራውን እፅዋት እየጋጠ ስላስቸገረ መንግስት የአደን ፈቃዱን በነፃ ነው የሚሰጠው፣ ኦንላይን ሞልተህ መውጣት ነው። የጠመንጃው ላይሰንስ ግን ሌላ ጣጣ ነው፣ ፈተና አለው፣ ቤትህ መጥተው ቁም ሳጥኑን ያያሉ፣ ምናምን።

የአጋዘኑ ወቅት ዘንድሮም አመለጠኝ። ወንዱ ሴት ፍለጋ የሚያገሳው ማርች መጨረሻና ኤፕሪል ላይ ነው፣ ይሄ ደግሞ ሁዳዴ መሃል ነው፣ ሽሮ በልቼ ሥጋ ፍለጋ ተራራ መውጣት አልሆነልኝም። ስለዚህ ከፋሲካ በኋላ ሜይ ላይ፣ ሻሚው ለስሪያ ሲሯሯጥና ጸጉሩ ወደ ጥቁር ሲለወጥ፣ አርተርስ ፓስ ወደሚባለው ተራራማ ናሽናል ፓርክ ነዳሁ።

የመጀመሪያው ጉዞ ኪሳራ ነበር። ጠዋት አንድ ብቸኛ ወንድ ገደል ስር ቆሞ አየሁ፣ ከታች ወደ ላይ በደረቴ እየተሳብኩ አንድ ሰዓት ሙሉ ሄድኩ፣ ሁለት መቶ ሜትር ያህል ሲቀረኝ ፀሐይ ዳገቱን ነካችው፣ ማጅራቴ ላይ ቀዝቀዝ ያለ ነገር ተሰማኝ፣ ልብ በሉ ማጅራቴ ላይ፣ ማለትም ንፋሱ ከኋላዬ ወደ እሱ ነው። አንዴ አፏጨና በቃ፣ ገደሉን እንደ ደረጃ ወጣው። ጥላ እያለ ቀዝቃዛው አየር ቁልቁል ይወርዳል፣ ፀሐይ ዳገቱን ስታሞቀው ሽቅብ ይዞራል። ይሄን ሰው ነግሮኝ ነበር እኮ፣ ግን ካልተቃጠሉ አይገባም። አሁን ትንሽ ጠርሙስ ውስጥ የሕፃን ፓውደር ይዣለሁ፣ ንፋሱ ወዴት እንደሚሄድ ለማየት በየአስር ደቂቃው ጭስ ጭስ አደርጋለሁ።

በሁለተኛው ጉዞ በጨለማ ባትሪ ግንባሬ ላይ አስሬ ወጣሁ፣ ሳይነጋ ከላይ ተቀመጥኩ። ትዕግስቱ ነው የከበደኝ፣ በባይኖኩላር ድንጋይ ስታይ መዋል። አንዷን አገኘሁ፣ ግን ሴትም ወንድም ቀንድ ስላላቸው ቸኩሎ መተኮስ የለም፣ የሴቷ ቀጠን ብሎ መንጠቆው ላላ ይላል፣ የወንዱ ወፍራም ሆኖ እጥፍ ያለ ነው። ትንሽ ቆይቶ ግልገሏ ከድንጋይ ኋላ ብቅ አለ፣ ተውኳት። ወደ አራት ሰዓት ላይ ወንዱ መጣ፣ መቶ ሃምሳ ሜትር፣ አንድ ጥይት። ሥጋውን ስበልት ኪያ የሚባለው የተራራ በቀቀን የቦርሳዬን ማሰሪያ በጠሰው፣ ሌባ ነው ስላችሁ።

ማታ ለእናቴ ደወልኩ። "ታርዶ ነው ወይስ በጥይት የሞተ?" አለችኝ። ደሙን በቢላ እንዳፈሰስኩ፣ በስመ አብ እንዳልኩ ነገርኳት። ዝም አለች። ከዛ "ለመሆኑ ፍየል ነው የሚመስለው በግ?" አለች። ፍየል አልኳት፣ "እንግዲያው ጥብሱ ላይ ጥብስ ቅጠል አብዛበት።"