ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ፣ ጥርስ ከምታበቅል ልጅ ጋር

ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ጥርስ የምታበቅል ልጅ ታቅፎ ለሚሄድ ሰው ግን ከርቀቱ ይልቅ የአየሩ መለዋወጥ ይከብዳል። በጣርማ በር ዋሻ አልፈን ወደ ደብረ ሲና ስንወርድ በብርድ ልብስ የጠቀለልኳትን ልጅ ሸዋ ሮቢት ላይ በካናቴራ ብቻ ማስቀረት ግድ ሆነብኝ፤ ኮምቦልቻ እስክንደርስም ለሀጯ ደረቷን አርሶ አገጯ ሥር ሽፍ ብሎባት ነበር። የታችኛው ድዷ ፊት ለፊቱ ቀልቶ አብጧል፤ በብርሃን ሲያዩት ከሥሩ እንደ ክር የቀጠነ ነጭ መስመር ይታያል። ያገኘችውን ሁሉ ወደ አፏ ስለምትወስድ የነጠላዬ ጥለት ከጠዋት ጀምሮ አልደረቀም።

ኮምቦልቻ ምሳ በበላንበት ቤት ከማቀዝቀዣ የወጣ የታሸገ ውሃ ስላገኘን፣ ንጹሕ ጨርቅ በእርሱ ነክሬ ሰጠኋትና እያኘከች ጥቂት ዝም አለች። የድድ ማደንዘዣ ቅባት ሆን ብዬ አልያዝኩም፤ ቤንዞኬይን ያለበት ቅባት ደም ኦክስጅን የመሸከም አቅሙን ሊያውክ ስለሚችል ከሁለት ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት አይሰጥም። ለነገሩ በዚያ ሁሉ ለሀጭ መካከል ቅባቱ ድድ ላይ ስንት ደቂቃ ሊቆይ ነው?

ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም፣ ከ1,850 ሜትር አካባቢ ተነስቶ ወደ 2,500 ሜትር የሚያወጣው የሐረጎ ጠመዝማዛ ዳገት የአዋቂን ጆሮ እንኳ ይደፍናል። መጥባት መዋጥን ስለሚያመጣ፣ መዋጥ ደግሞ የጆሮን ግፊት ስለሚያስተካክል፣ ኮምቦልቻ ላይ ጥቂት ብቻ አጥብቼ ዋናውን ለዳገቱ አቆየሁት። ሆኖም ከአንድ ተሳቢ ኋላ ተሰልፈን ስንንፏቀቅ ጡቱንም ጨርቁንም ጥላ ታለቅስ ጀመር።

አጠገቤ የተቀመጡት እናት «አብሽሪ ልጄ፣ ጥርስ ነው፤ ያልፋል» አሉኝና አገጯን በሻሻቸው ጫፍ ጠረጉላት። ከኋላ የነበሩት ሴት ግን «ተቅማጥ ካላት ግግ ነው፤ ሳይብስባት አስወጪላት» አሉ። ተቅማጥስ አልነበራትም፤ ነገሩን በዝምታ ማለፍ ግን አልፈለግሁም። ግግ የሚባለው እብጠት ገና ያልወጣ ክራንቻ ጥርስ እንደሆነ፣ ባልጸዳ ስለት ሲፈነቀል ደም እንደሚያፈስ፣ ቁስሉም እንደሚያመረቅዝ፣ ከሥሩ ያለውን ቋሚ ጥርስ ሳይቀር እንደሚያበላሽ በአክብሮት ነገርኳቸው። ተቅማጡ ከጥርስ ጋር የሚገጣጠመው ሕፃኑ በዚያው ሰሞን ተጨማሪ ምግብ ስለሚጀምርና ከመሬት ያነሳውን ሁሉ ስለሚጎርስ ነው፤ መፍትሔውም ጡት አለማቋረጥ፣ ኦአርኤስ (በንጹሕ ውሃ የሚበጠበጠውን የተቅማጥ ዱቄት) መስጠትና ጤና ጣቢያ መሄድ ነው። ሴትዮዋ «የጤና ኤክስቴንሽኗም እንዳንቺው ትጨቀጭቀናለች» ብለው ሳቁ፤ ያመኑኝ ግን አልመሰለኝም።

ደሴ ስንገባ የጦሳ ተራራ ጉም ለብሷል። ልጅቷ ሞቅ ስላለችኝ ብብቷ ሥር ለካሁ፤ 37.4 ነበር። ጥርስ ሙቀትን በጥቂቱ ከፍ ቢያደርግ ነው፤ 38 ከደረሰ ሌላ ምክንያት መፈለግ እንጂ በጥርስ ማሳበብ አይገባም። ማታ ስትነጫነጭ የጤና ባለሙያ በክብደቷ ልክ የጻፈልኝን የፓራሲታሞል ሽሮፕ ሰጠኋት። አማቴ በበኩላቸው እርጥቡን ጨርቅ ክዳን ባለው ዕቃ አድርገው መስኮት ላይ አሳደሩት፤ የደሴ ብርድ ማቀዝቀዣ አያስመኝም። ለመልሱም ከጠዋቱ 12 ሰዓት በሚነሳ መኪና ቦታ ያዝን፤ የሸዋ ሮቢት ፀሐይ ሳይበረታ ለማለፍ የሚበጀው እርሱ ነው።