ገደብ ማለት አለቀ ማለት አይደለም

የአክስቴ ልጅ ባለፈው ዓመት ደሴ ላይ በድብድብ ተፈርዶበት ቅጣቱ ለ2 ዓመት ተገደበለት። ቤት ሲገባ እልልታው ቀለጠ፣ ቡና ተፈላ፣ አባቱም «አልሀምዱሊላህ፣ አለቀ» አሉ። የቱ ነው ያለቀው?

ሰው ገደብን ከአመክሮ ጋር ያምታታዋል። አመክሮ ከእስሩ ሁለት ሦስተኛውን የጨረሰ ሰው ቀድሞ የሚፈታበት ነው። ገደብ ግን እስሩን ሳትጀምር ይቆምልሃል፤ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ የፈተና ጊዜው ከ2 እስከ 5 ዓመት ነው። ቅጣቱ አልተሰረዘም፣ መዝገብ ውስጥ ቁጭ ብሎ ይጠብቅሃል።

ይሄ ልጅ ታዲያ በወሩ ባጃጁን ፒያሳ አቁሞ ያኔ ከተደባደበው ከዚያው ሰውዬ ጋር ሊተናነቅ ሲል ደረስኩ። ሸሚዙን ጎትቼ «ወላሂ ተው!» ብለው «ምን ያመጣል? ቢበዛ ይቀጡኛል» አይለኝም! ገደብ ላይ እያለህ ሆን ብለህ ሌላ ወንጀል ከሠራህ እኮ ገደቡ ይነሳና የድሮው እስር ከአዲሱ ጋር ተደርቦ ይመጣብሃል። ፍርድ ቤት ያዘዘህን ግዴታ መጣስም ቢሆን ቀልድ አይደለም፣ ተነግሮህ ካልሰማህ መጨረሻው ማረሚያ ቤት ሊሆን ይችላል።

«የድሮውም?» አለኝ። የሸሚዙ ቁልፍ እጄ ላይ ቀርቷል። ባጃጁን አስነስቶ ሄደ።